ባዶዋ ታክሲ የምትቆምለት ሰው

የሊያንፈን ባል ቶንግ የሞተው ለቁርስ የሰሊጥ ኑድል ሊገዛ ዜብራ ሲሻገር ነው። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ነው የበላው፤ ሹፌሩ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ነበር አሉ። አይ ሰው!

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ውስጥ ሹፌር አልባ ታክሲ ሞልቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ያቺ ዜብራ ላይ ሲደርሱ ግን ታክሲዎቹ አንድም ሰው ሳይኖር ቀጥ ይላሉ። ዝግ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ የሚያሻግሩ ያህል ይጠብቁና ይሄዳሉ። ከኋላ ያለው ባለ ሹፌር ጥሩምባውን ያምባርቀዋል፣ የእናት ስድብ ያወርዳል፤ መሪው ላይ ማን አለና ይሰማዋል! ሊያንፈን ይህን ሁሉ ከመስኮቷ ታያለች። መጀመሪያ ፈራች። እያደር ግን፣ በሰው እጅ የሞተውን ባሏን ባዶ መኪና ሲያከብረው አንጀቷን በላው።

ልጇ ሚንሸን፣ ነይ ሸንዠን ከተማ ከእኔ ጋር ኑሪ እያለ ስንቴ ለመናት። አባትህን መንገድ ላይ ጥዬ የት እሄዳለሁ ነው መልሷ። የታክሲዎቹ ካሜራ የመብራት ምሰሶውን ጥላ ሰው እያስመሰለው ነው ብሎ ቢያስረዳት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እናቴ ከባዶ መንገድ ጋር ስታወራ ብቻዋን ትሞትብኛለች ብሎ እንቅልፍ አጣ።

የሙታን በዓል ሲደርስ መጣ። አመሻሽ ላይ ለሟቹ የሚቃጠለውን የወረቀት ገንዘብ ይዘው ዜብራው ያለበት መስቀለኛ መንገድ ዳር ወጡ። ሚንሸን አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ክብ አሰመረ። የክቡ አፍ ወደ መቃብሩ መከፈት አለበት፤ ሟቹ ገንዘቡን ይዞ ወደ ማረፊያው የሚመለሰው በዚያ በኩል ነው። ሚንሸን ምኑን ያውቃል፣ ወደ ቤታቸው ደጃፍ ከፈተው። ሊያንፈን ያስተዋለችው ወረቀቱ አመድ ከሆነ በኋላ ነው። ክው አለች።

«ምን ሠራህ አንተ ልጅ? አባትህን እኮ ወደ ቤት ጠራኸው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው፣» አለ ሊያስቃት ፈልጎ። «አብሮን ይምጣ።»

አልሳቀችም። እንዲህ ከሆነስ እሄዳለሁ አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ባቡር ጣቢያ የምትወስዳቸው ሹፌር አልባ ታክሲ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሻንጣው ሁሉ ከኋላ ተጫነ። እናትና ልጅ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ቀበቷቸውን አሰሩ። መኪናዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች።

«መሃል የተቀመጡት ተሳፋሪ ቀበቶ አላሰሩም፣» አለች በዚያ ለስላሳ ድምጿ።

ሚንሸን መሃሉን በእጁ ዳበሰ፤ ምንም የለም። በሩን ከፍቶ ዘጋው። ያንኑ ደገመችለት። ላብ አጠመቀው፣ እናቱን ዞሮ አያት።

ሊያንፈን የመሃሉን ቀበቶ ሳብ አድርጋ ባዶው መቀመጫ ላይ ቀጭ አድርጋ አሰረችው።

«ድሮም መታሰር አይወድም፣» አለች።

መኪናዋ ተነሳች። ሚንሸን እስከ ጣቢያው በሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሄደው፤ አባቱን እንዳይጫነው ፈርቶ።