በጋሽ ፍራንኮ ስም የተቀመጠው ውስኪ

ከአዲስ አበባ የወጣሁ ዕለት ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ሃያ ስድስት ዓመት የሞላኝን ሰውዬ እንደ ሕፃን ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር አጠበቀችልኝና፣ «በቃ ሂድ፤ ዞረህ አታየኝ» አለችኝ። ዞሬ አየኋት። ስለ ሱዳን፣ ስለ ሊቢያ፣ ስለ ባሕሩ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ እኔ ልዝለለው። ስለ ሮም ልንገራችሁ፤ ውስኪ ውስጥ ውሃ እየጨመርኩ እንዴት ሰው እንደሆንኩ።

መጀመሪያ የገባሁት ሰላም ፓላስ ነው። አገር ቤት ላላችሁ፣ ቀድሞ ዩኒቨርሲቲ የነበረ፣ አሁን የኛ ሰው የሚኖርበት ትልቅ ሕንፃ ነው። በየፎቁ ሽሮ ይሸታል፤ በመዝገብ ግን እንደ መኖሪያ አይቆጠርም። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ ስሄድ መስኮቱ ኋላ ያለው ሰውዬ፣ «የት ነው የምትኖረው?» አለኝ። ነገርኩት።

«እሱ መኖሪያ አይደለም።»

«ታዲያ አሁን ከየት የመጣሁ ይመስልዎታል?»

«ከሰልፉ» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

ሥራ ያገኘሁት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ የሚባለው ሰፈር ዳር፣ ሲኞራ ሀሩኮ የሚባሉ ጃፓናዊት ባልቴት ከከፈቱት ጠባብ ባር ነው። ብርጭቆ አጥብ ነበር። አንድ ቀን ሴትዮዋ በረዶ በሞላበት ረጅም ብርጭቆ ውስኪ ቀዱና ብርጭቆው እስኪያልበው በቀስታ አማሰሉ፤ በቀለጠው ምትክ ሌላ በረዶ አደረጉ፤ ከዚያ ከውስኪው እጥፍ የሚበልጥ ውሃ ጨመሩበት፤ ያውም ደንበኛው ፊት! ደነገጥኩ። እኛ አገር ውስኪው ቀጠን ካለ ጠጪው «ውሃ ጨምረህበታል!» ብሎ አስተናጋጁን ሊያንቅ ይነሣል። እዚህ ሰውዬው አመሰገነ።

«ሲኞራ፣ ውሃው አልበዛም?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ሚዙዋሪ ይባላል፤ ከምግብ ጋር ነው የሚጠጣው። ሰው እንዲሰክር ሳይሆን እንዲቆይ» አሉኝ።

ሃይቦል የሚሉት አልከበደኝም፤ ያው እኛ በአምቦ ውሃ የምንጠጣው ነው። ብቻ ጋዙ እንዳይሞት ሶዳውን በብርጭቆው ጎን ቀስ አድርገው ያንቆረቁሩታል፤ አንዴ አማስለው ይተዉታል። በታኅሣሥ ደግሞ ሙቅ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ኦዩዋሪ ነው ስሙ፤ ሽታው ብቻ ጉንፋን ያስለቅቃል። የሮም ብርድ እንደኛ ፀሐይ ስትወጣ የሚሸሽ አይምሰላችሁ፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ይሠራል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ጠርሙስ ማስቀመጡን ነው። ደንበኛው ሙሉ ጠርሙስ ይገዛል፤ ስሙ ተጽፎ አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል፤ በመጣ ቁጥር ከራሱ ይቀዳለታል። ስንት ወር ቢጠፋ ማንም አይነካበትም። ጋሽ ፍራንኮ እዚያ መደርደሪያ ላይ ስም ነበራቸው። አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የካዛንቺስ ሴት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከአገር እንደወጡ አልተመለሱም፤ አማርኛቸው ግን ከኔ ይጠራል።

አንድ ቀን ጠርሙሳቸውን ሳወርድላቸው፣ «አየህ፣ ብጠፋ እንኳ በስሜ የሚጠብቀኝ ቦታ አለ። ያንተስ ስም የት ተጽፏል?» አሉኝ እየሳቁ።

«የትም፣ ጋሼ። ሬዚደንሳ፣ የተመዘገበ አድራሻ፣ የለኝም።»

ሳቃቸው ጠፋ። ብርጭቆውን ገፋ አደረጉና፣ «አሎራ፣ እንዲያ ከሆነ እኔ ቤት ባዶ ክፍል አለ። ነገ ዕቃህን ይዘህ ና» አሉኝ።

«ኧረ እርስዎን ማስቸገር...»

«ዝም በል። ብቻዬን ራት መብላት ሰልችቶኛል።»

ከገባሁ በኋላ፣ የምኖረው እውነት እዚያ እንደሆነ ሊያረጋግጥ ቪጂሌ የሚሉት የማዘጋጃ ቤት ፖሊስ መጣ።

«ምንዎ ነው?» አላቸው ጋሽ ፍራንኮን።

«ያገሬ ልጅ።»

«እርስዎ እኮ ጣሊያናዊ ነዎት።»

«ጠዋት ጠዋት ብቻ» አሉት ጋሽ ፍራንኮ።

ቪጂሌው አልጋዬን አየ፣ የጥርስ ብሩሼን አየ፣ ጋሽ ፍራንኮንም አንዴ ደግሞ አየና ሄደ። ተመዘገብኩ። ፔርሜሶዬም ታደሰ።

ለእናቴ ያበሠርኳት ከባሩ ነው፣ በር ሳንከፍት። ሲኞራ ለራሳቸው፣ ለጋሽ ፍራንኮና ለኔ ሚዙዋሪ እንድሠራ አዘዙኝ። እናቴ በቪዲዮ አየችኝና፣ «ይሄ ሁሉ ውሃ? ምነው፣ እዚያም ውስኪ ተወደደ?» አለች። ጋሽ ፍራንኮ ስልኩን ተቀበሉኝ።

«ልጄን ስላስጠጉልኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

«እሱ ነው እኔን ያስጠጋኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ካዛንቺስ፣ የእናቴ ቤት ፊት ለፊት ትልቅ ባሕር ዛፍ ነበር...»

«ያ ሰፈር እኮ ፈርሷል፣ ጋሼ። መንገድና ሕንፃ ሆኗል።»

ጋሽ ፍራንኮ ዓይናቸውን ከስልኩ አነሡ። እናቴ ተጨነቀች መሰለኝ፣ «ይልቅ መቼ ነው የምትመጡት? ሁለታችሁም እኔ ቤት ነው የምታርፉት» አለች።

እኔ በስደተኛ ወረቀት አገሬ መግባት አልችልም፤ እሳቸው ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ልባቸውም ደካማ ነው። ተያየን።

«እንመጣለን» አሉ ጋሽ ፍራንኮ።

እናቴ የምር መሰላት። ለሳቸው የትኛውን አልጋ እንደምታነጥፍ፣ እኔ የት እንደምተኛ፣ ዶሮውን ማን እንደሚያርድላት ትነግረን ጀመር። ማናችንም አላቋረጥናትም።