መርዶው እስኪደርሳት

ባለቤቴ እዚህ ሞያሌ ቤታችን ውስጥ ሲያርፍ፣ ልጃችን ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ የጥናት ጽሑፏን ልታቀርብ ተቃርባ ነበር። በእኛ ወግ የአባት ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ማለዳ ሄደው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። እኔም ጽሑፏን እስክታቀርብ ይቆይላት ብዬ ዘመዱንም ጎረቤቱንም ለመንኩ። ሁሉም እሺ አለኝ። እሷ ሳትኖር ቀበርነው።

ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር፣ "አባዬን አገናኚኝ" እንዳትለኝ ቀድሜ ስለ ትምህርቷ እጠይቃታለሁ። ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላለፍኩም፤ ቢሆንም እጠይቃለሁ።

"እስቲ ያ የምታጠኚው ነገር ምን ነበር?"

"ቻርጅ ነው እማዬ። ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች፣ አቶሞቹ በወጉ ባልተደረደሩበት ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጩ።"

"ምን ይሆናሉ ታዲያ?"

"ኤሌክትሮን እንደ ማዕበል ነው። ብቻውን ሲሆን ከየእንቅፋቱ እየተመለሰ ራሱን በራሱ ያጠፋፋና እዚያው ይቀራል። ብዙ ሆነው ሲነካኩ ግን አንዱ ሌላውን ይገፋል፤ ቀስ እያለም ቢሆን ይሰራጫል።"

"ሁልጊዜ?"

"እሱን ነው የምንከራከረው። እንቅፋቱ ሲበዛ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። የእውነት ቆሟል ወይስ ዕድሜያችን እስከማይበቃ ድረስ ዘግይቶ ነው?"

ሱቄ ጤፍ ልትገዛ የመጣች የሄሉ ሰፈር ጎረቤቴ ሰምታን ሳቀች። "ማማ፣ በእርጅናሽ ፕሮፌሰር ልትሆኚ ነው እንዴ?" ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቋን ተወች።

"እስከ መቼ ነው የምትደብቂያት?"

"እስክትጨርስ።"

"ይሁን። ከእኔ አይወጣም።"

ከእሷም ከማንም አልወጣም።

ጽሑፏን ባቀረበች ማግስት፣ ናይሮቢ ያሉ ዘመዶቻችን ማለዳ ሄደው በሯን አንኳኩ። ጥቁር ለብሳ ከፈተችላቸው። "ግቡ፤ አውቄያለሁ" አለቻቸው።

በአውቶቡስ መጣች። አንገቷን አቅፌ፣ "ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ማንም። ድሮ የሚደውልልኝ ሁሉ 'አባትሽ ደህና ነው?' ሳይለኝ አይዘጋም ነበር። መጀመሪያ አክስቴ ተወችው፤ ቀጥሎ ጎዶማ ሰፈር ያለው አጎቴ። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ረስቶት ነው እል ነበር። ሁሉም ሲተወው ግን ገባኝ።"

"ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?"

"ስለ ኤሌክትሮን ሳወራልሽ ድምፅሽ ይረጋጋ ነበር።"

እኛ ዘንድ ሰው ብቻውን አያለቅስም፤ እጁን የሚይዝ፣ "በቃ" የሚለው ሰው አያጣም። ልጄ ግን የተከራየችውን ክፍል ዘግታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ለእኔ ትምህርት ታስረዳኝ ነበር።

ለቅሶው እንደገና ይቀመጥላት ብዬ ድንኳን አስተከልኩ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጣ፤ "ፖሌ ሳና" እያሉ በስዋሂሊ እያጽናኑ ከበቧት። እጃቸውን እየያዘች አመሰገነቻቸው እንጂ እንባ አልወጣትም።

ጠጋ ብዬ በጆሮዋ፣ "አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ አሁን ሰው አለሽ" አልኳት።

"ጨርሼዋለሁ፣ እማዬ" አለችኝ።

ያን ቀን ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ደግፋ የያዘችኝ እሷ ናት።