ለቀብር ያጠፋሁት ሞተር

ዛሬም ድረስ የያኔው ባለመኪናዬ በሄደበት ሁሉ «ቱርቦዬን ቀብር በላብኝ» እያለ ያወራል አሉ። ያውራ፤ አፉ የራሱ ነው። መሪው ላይ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ። ሞተሩን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ጊዜ ስላለፈ ንዴቱ በርዶለታል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል።

የምነዳው ከባድ መኪና ከኋላው ተሳቢ ይጎትታል። ያን ቀን መኪናውም ተሳቢውም ጢም ብለው ሲሚንቶ ተጭነዋል፤ መድረሻዬ ኮምቦልቻ ነው። ረዳት አልነበረኝም። ባለመኪናው «አንተን የመሰለ ልምድ ያለው ሰው ረዳት ምን ይሠራለታል?» ብሎ እሱንም ቆጥቦታል። በሙገሳ እያለሳለሰ ሥራ መጫን ያውቅበታል።

ቱርቦ ምን እንደሆነች ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከሞተሩ ጎን የምትታሰር፣ ቅርጿ ቀንድ አውጣ የመሰለ የብረት ዕቃ ናት። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክራታል፤ እሷ ደግሞ በተራዋ አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ያ ሁሉ ሲሚንቶ አቀበት የሚወጣው በእሷ ጉልበት ነው። ታዲያ ስትሠራ ትግላለች፣ ፍም እስክትመስል ድረስ። ስለዚህ ሙያውን የሚያውቅ ሹፌር ከአቀበት በኋላ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም። ቆሞ ትንሽ ያሠራዋል፤ ዘይቱ እየተመላለሰ ያበርዳታል። ድንገት ካጠፋኸው ግን ዘይቱ ባለበት ቆሞ ይከስላል፣ እሷም ትጎዳለች። ይህን የማያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር የለም፤ እኔም አውቃለሁ።

የእኛዋ ቱርቦ ደግሞ ድሮውንም ታማ ነበር። ታፏጫለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ አቀበት ላይ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ለባለመኪናው ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። በስልክ ነገርኩት፣ ፊት ለፊት ነገርኩት፣ በኋላም ጋራዥ አስገብቼ መካኒኩ ራሱ እንዲነግረው አደረግኩ። መልሱ አንድ ነበር፦ ማፏጨቷ እየሠራች መሆኗን ነው የሚያሳየው፣ መፍራት ዝም ስትል ነው። ይህን የሚለው እሱ ራሱ በወጣትነቱ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ነው። የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ባልተናደድኩ። እያወቀ፣ ይቺን ጉዞ ብቻ፣ ይቺን ጉዞ ብቻ እያለ ነው ያቺን ዕቃ የጨረሳት።

ሸዋ ሮቢት የገባሁት በቀትር ነው። ሚስቴና ልጆቼ እዚያው ከተማ ተከራይተን በምንኖርበት ቤት ናቸው፤ ግን ጎራ ብዬ ምሳ ለመብላት እንኳ ፋታ አላገኘሁም። ባለመኪናው የት ደረስክ እያለ ይደውላል። ባጃጆቹን እየሸሸሁ፣ ሽንኩርት የሚጫንበትን መንገድ ዳር አልፌ፣ ማሾ ወደሚዘራበት ሜዳ ወጣሁ። የቆላው ፀሐይ አስፋልቱን አለስልሶታል። ጀውሃ ከመድረሴ በፊት አንዲት አጭር አቀበት አለች፤ ባዶ መኪና አይቆጥራትም፣ ተሳቢ የሚጎትት ግን በደንብ ያውቃታል። በከባድ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ፣ ጥቁር ጭስ እየለቀቅኩ፣ ያቺ ፉጨት ጆሮዬን እየበሳችው ወጣኋት። ልክ አናቷ ላይ ስደርስ ሰዎች መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ።

ጀናዛ ነበር። መንደሩ ከአስፋልቱ ወዲህ፣ መቃብሩ ከአስፋልቱ ወዲያ ነው። ወንዶቹ ቃሬዛውን በትከሻቸው እየተቀባበሉ፣ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ይሄዳሉ። ቆምኩላቸው። እዚያ አገር ለቀብር መቆም የሚያስተምርህ የለም፤ ስታድግ አብሮህ ያድጋል። እኔ እዚያው አካባቢ የምትገኘው የቀወት ክርስቲያን ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ እያረሰ ሳለ የክርስቲያንም ይሁን የሙስሊም አስከሬን በእርሻው ዳር ካለፈ በሬዎቹን አቁሞ፣ ጅራፉን መሬት አስቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። ካለፉ በኋላ ነበር የሚጠይቀው።

መቆሜ ግን አልበቃም። ሞተሩ ያጓራል፣ ቱርቦዋ ከላይ ታፏጫለች፤ የሰዎቹ ድምፅ በእኔ ጩኸት ተዋጠ። ከቃሬዛው ኋላ የሚሄዱ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት ዘወር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም። እንዲያው የት እንዳሉ የጠፋቸው ሰው አስተያየት ነው። የሟቿ አባት መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ልጃቸው በወሊድ ነው የሞተችው። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ያቺ የታመመች ቱርቦ ምን ልትሆን እንደምትችል አስቤያለሁ። አሰብኩና አጠፋሁት። ማንም አጥፋ አላለኝም፤ በእጁ እንኳ የጠቆመኝ የለም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጀናዛው አልፎ ሞተሩን ሳስነሳ የሰማሁት ፉጨት አልነበረም፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ነው። ሰማያዊ ጭስ ከኋላዬ መንገዱን ሸፈነው። ነዳጅ ስሰጠው መኪናው አልሳብ አለ። እንደምንም ዳር አስያዝኩትና ሲበርድ ወደ ቱርቦዋ አየር የሚያስገባውን የጎማ ቱቦ ፈታሁ። ጣቴን ሰድጄ ዘንጓን ስነካት ሊወልቅ እንደደረሰ የልጅ ጥርስ ትነቃነቃለች። በውስጧ የሚሽከረከሩት ክንፎቿ ዙሪያቸው ያለውን ብረት ፍቀው በልተውታል። እንዲህ ያለው ጉዳት የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። እኔ ማጥፋቴ ነገሩን አፋጥኖት ይሆናል፤ የገደላት ግን ያን ሁሉ ወር ታማ መነዳቷ ነው።

ከቀብር የተመለሱት ሰዎች እዚያው ቆሜ አገኙኝ። ምን ሆንክ አሉኝ፤ ተበላሸብኝ አልኩ እንጂ ሌላ አልጨመርኩም። ከተሳቢው ኋላ ለሚመጣው መኪና ምልክት እንዲሆን የግራር ቅርንጫፍ ቆርጠው አኖሩልኝ። ውሃ በጀሪካን መጣልኝ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ከዚያው ከሐዘን ቤት የማሽላ እንጀራ በወጥ ተላከልኝ። ልጃቸውን በዚያው ቀን የቀበሩ ሰው፣ መንገድ ላይ የቀረው ሹፌር ምን ይበላል ብለው አስበው ነበር።

ለባለመኪናው ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ አቀበቱንም፣ ጀናዛውንም፣ የተነቃነቀችውን ዘንግም። እንደ ልማዱ ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን የማን ቀብር እንደሆነ፣ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀኝ። ለቅሶ ሊደርስ ነው ብዬ በሆዴ መረቅኩት። ያ ምርቃት እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ መጣ። ቱርቦዋን ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ጋቢና ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና ያሰበውን አስረዳኝ። ሟቿ ቤተሰብ አላት፣ ቤተሰቡ ደግሞ መሬትና ከብት አለው፤ ቱርቦዋ የተበላሸችው በእነሱ ምክንያት ነውና ሽማግሌ ፊት ቀርበው ይክፈሉ ነው ነገሩ።

«አንተ ‹አጥፋ ብለው አስገደዱኝ› በል። ሌላውን ለእኔ ተወው» አለኝ።

ካላልኩስ አልኩት። ካላልክማ የገደልካት አንተ ነህ፣ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ፣ ማን መኪና እንደሚሰጥህም አያለሁ አለኝ። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቼ ትምህርት፣ የምንበላው ሁሉ በዚያ ቁልፍ ላይ መንጠልጠሉን አሳምሮ ያውቃል። ምንም ሳልመልስለት ወረድኩ። ዝም ማለቴን እሺ እንዳልኩ ቆጠረው፤ ያልሰጡትን መውሰድ ድሮም ይችልበታል።

ከዚያ በፌስታል ስኳር ይዞ ለቅሶ ቤት ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ። ዳሱ ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን አከፋ፣ አላህ ይዘንላት አለ። ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ዱዓ ሲያደርጉ እጁን ዘርግቶ፣ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሚን ይላል። አሚኑ ከአፉ ሳይደርቅ ጉዳዩን አነሳ። ያነሳውም በትሕትና ነው፤ እሱ ነው ደም ሥሬን የገተረው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ለቀብሩ ክብር ሲባል ንብረቱ እንደጠፋ፣ እሱ ግን ክስና ፖሊስ እንደማይወድ፣ በአገር ሽማግሌ በመግባባት እንዲያልቅለት እንደሚለምን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተናገረ።

ዳሱ ውስጥ ማጉረምረም ተነሳ። ጎረምሶቹ ሊነሱበት ሲሉ አባትየው እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። ድምፃቸው ለመስማት እንኳ የሚያስቸግር ነበር።

«ተዉት። ልጄ የሰው ሐቅ ተሸክማ አትተኛም። በሬው ይሸጥና ይከፈለው።»

ይህን ሲሉ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። በእነሱ ዘንድ የሰው ሐቅ ያለበት ሟች ዕረፍት የለውም፤ ቤተሰብ ያለውን ሸጦም ቢሆን ያን ያወርድለታል። በሬው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው ነው የሚያርሱት። የእርሻው ወቅት ደርሷል። ባለመኪናዬ ይህን ሁሉ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። መንገዱ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ሐዘንተኛ በሟች ስም ከተጠየቀ እንደማይከራከር አውቆ፣ ልክ እዚያች ቦታ ላይ ነው እጁን የሰደደው። ሌባ እንኳ ቢያንስ ሰው እስኪተኛ ይጠብቃል።

ዱዓ ያደረጉት ሽማግሌ ግን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መሪው ላይ የነበርከው አንተ ነህ። አጥፋ ያለህ ማን ነው?»

ባለመኪናው ቀና ብሎ አላየኝም። ሰሌኑን ያያል፤ በእኔ በኩል ሥጋት አልነበረውም። እንደ ንዴቴ ብናገር ኖሮ ሐዘን ቤት የማይነገር ነገር ይወጣኝ ነበር።

«ማንም አላለኝም» አልኩ። «አይቼ፣ አስቤ፣ በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት። ቱርቦዋም የታመመችው ያን ቀን አይደለም። ከወራት በፊት ነግሬዋለሁ፣ መካኒክም ነግሮታል። እዚህ ቤት ላይ የማንም ሐቅ የለም።»

ሽማግሌው ባለመኪናውን ነግሮሃል ወይ ብለው ጠየቁት። ሹፌር መቼ ሳያማርር ያድራል ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አብሮት የሳቀ የለም። በዚያች መልሱ ራሱ እንዳመነ ሁሉም ገባው፤ ሽማግሌውም በሬው አይሸጥም ብለው ነገሩን ዘጉት። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም ውጣ አላለውም። እኔ ብሆን ባልኩት።

ሲነሳ፣ እዚያው ዳሱ አፍ ላይ፣ ሐዘንተኛው ሁሉ እያየ መዳፉን ዘረጋልኝ። ትንሽ ራቅ እስክንል እንኳ አልጠበቀም። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ አስቀመጥኩለት። ስንት ዓመት የነዳሁትን መኪና እንደ ሰረቅኩት ዕቃ ተቀበለኝ። ከጋቢናው ብርድ ልብሴንና የልብስ ቦርሳዬን አወጣሁና ሳልሰናበተው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለስ ሚኒባስ ልጠብቅ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ለሚስቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ነበር።

ዞር ስል አባትየው ከኋላዬ እየመጡ ነው። እንግዶች ዳስ ውስጥ ትተው መምጣታቸው አሳፈረኝና ይመለሱ፣ አባቴ፣ ሰው ይጠብቅዎታል አልኳቸው። አልሰሙኝም። አጠገቤ ደርሰው የቆመውን መኪናና ተሳቢውን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ ቆዩ።

«ሞተሩን ስታጠፋው እንደሚበላሽብህ ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከተሸከሟት ውስጥ ስልኩን ያላጠፋ ነበር» አሉ። «የገዛ ዘመዴ።»

ሰዉ ዳስ ውስጥ እየጠበቃቸው፣ ሚኒባሱ እስኪመጣ ድረስ አብረውኝ ቆሙ።