መብራት ጠፍቶ ያየነው ፊልም

ሚልኬሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ስፌት ቤቴ ይመጣል። ቤቷ ሰበታ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ያለች አንድ ክፍል ናት። በሩ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር የእሱ ነው። እኔ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ፣ እሱ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ስለ አስፈሪ ፊልሞች እናወራለን። ሁለታችንም ሃምሳን ያለፍን፣ ልጅ የዳርን ሰዎች ነን። አንድ ቀን ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣች ልጅ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማን ቆይታ፣ "ጋሼ፣ ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?" አለችን።

"ስለ ሙታን" አላት ሚልኬሳ ኮስተር ብሎ። ቀሚሷን ለመውሰድ እህቷን ላከች።

የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ሚልኬሳን ሰበታ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የቪዲዮ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ያኔ ፊልም ማየት ማለት በቆርቆሮ በተሠራ አዳራሽ፣ በሳንቃ አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ሸራ ስለሚጋረዱ ውጭው ቀትር ሆኖ ውስጡ ይጨልማል። ሚልኬሳ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ሰዎቹ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ይነግረናል። ለፊልሙ ስም የሚያወጣለትም እሱ ነው። ጠዋት በር ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፈዋል፤ "ጥላው የከዳው ሰው"፣ "የሰባቱ እህቶች መቃብር"፣ "አልከፈትም ያለው በር"። እውነተኛ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግሊዝኛ የተማረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። ፈረንጆቹ ከቤታቸው ሥር ወዳለው ጨለማ ክፍል በደረጃ በወረዱ ቁጥር፣ "አሁን ወደ ጎተራው ገባች" ይለን ነበር። እኛ ከቤት ሥር ሌላ ቤት አናውቅማ። ስለዚህ የሰበታ ሰው ለብዙ ዓመት ፈረንጅ ሙታኑን የሚያስቀምጠው ከእህሉ ጋር ነው ብሎ ያምን ነበር። አለምገና ያለ አንድ ገበሬ ጎተራውን ጸበል አስረጭቷል እየተባለ ይወራል፤ ሚልኬሳ ግን ሰውየውን እስካላየሁት አላምንም ይላል።

ቪዲዮ ቤቱ ሲዘጋ ሚልኬሳ እህል ነጋዴ ሆነ። ከተፍኪና ከተጂ ጤፍ እያመጣ ይሸጣል። ሚስቱ ወርቅቱ ዓይኑ እየሄደ መሆኑን ያወቀችው ጤፉን በጣቱ እያሸ መለየት ሲጀምር ነው። ነጩንና ሰርገኛውን እንደ ድሮው በዓይኑ መለየት አልቻለም ነበር፤ ለማንም ሳይናገር ጣቶቹን አስተምሯቸዋል። አዲስ አበባ ስትወስደው የዓይን ግፊት ነው ተባለ። የግራው ጠፍቷል፤ የቀኝ ዓይኑም ግማሹ ሄዷል። ሐኪሙ የሄደውን አልመልስም፣ የቀረውን ግን በቀዶ ሕክምና ላድንልህ እችላለሁ አለው። ሚልኬሳ ከቀጠሮው ሁለት ጊዜ ቀረ። ሦስተኛው ለማክሰኞ ተሰጠው፤ ከዚህ በላይ ከቆየ የቀረውም እንደሚሄድ ሐኪሙ ለወርቅቱ ነግሯታል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወርቅቱ ብቻዋን መጣች።

"ኦቦ ዘርሁን፣ እኔን አልሰማም ብሏል። ልጆቹንም አልሰማም። እርስዎን ይሰማል" አለችኝ።

"ምን ይላል?"

"'ቢላዋው ቢስትስ? ያለችኝን ጭላንጭል በገዛ እግሬ ሄጄ ላስወጣት?' ይላል።" ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። "ጨለማ ይፈራል። ፈሪ ነው። እናንተ ጀግና ይመስላችኋል።"

ሄዳ ሳትጨርስ ዳዊቴን አውጥቼ ጥቂት ደገምኩ። የፍልሰታ ጾም ነበር። ምን እንደምለው ግን አላወቅሁም።

ሚልኬሳ እንደ ልማዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ።

"ጭጋጉ ወረደ አይደል?" አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ወጨጫ ተራራ የለም። ጭጋጉ ከላይ ተንከባሎ መጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ብቅ ይሉና ወተት ውስጥ እንደ ገቡ ሁሉ ይጠፋሉ። ጃንጥላ የያዘች ሴት ከወገቧ በላይ ብቻ አለፈች።

"ወረደ። እንዴት አወቅህ?"

"የባጃጆቹ ድምፅ ራቀ። ለእኔ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ዛሬ እናንተም ገባችሁበት።"

"ማክሰኞስ?"

"ወርቅቱ መጥታ ነበር?"

"አዎ፣ መጥታ ነበር።"

"እንግዲያው ስለ ፊልም እናውራ።"

መርፌው ላይ ክር ሰካሁ። እሱው ጀመረ። ከሁሉ የሚወደው "ጥላው የከዳው ሰው" እንደሆነ ነገረኝ። አንድ ሰው አንድ ቀን ሲነሳ ጥላው ትቶት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሰው እንዳያውቅበት የሚወጣው በደመና ቀን ብቻ ነው።

"ሰው የሚፈራው ጥላው መሄዱን ነው" አለ ሚልኬሳ። "የፊልሙ ቁም ነገር ግን እሱ አይደለም። ሰውየውን የገደለው መደበቁ ነው። ለአንድ ሰው እንኳ ቢናገር ኖሮ ይተርፍ ነበር።"

"ጤፍ በጣቱ እንደሚለየው ሰውዬ ማለት ነው?" አልኩት።

ሳቀ። ሳይወድ ነው የሳቀው። "አንተ ሰውዬ፣ መርፌህ ያለው ምላስህ ላይ ነው። ይልቅ ያንተን ንገረኝ፤ የቱን ትወዳለህ?"

"አልከፈትም ያለው በር።"

"እ?" አለ፤ ወደ እኔ ዞረ።

በየሳምንቱ ስናወራ ያን ፊልም አንስተነው አናውቅም። እኔ ለራሴ ይዤው ኖሬያለሁ። አንድ ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል። ከክፍሎቹ አንዱ አይከፈትም፤ ከውስጥ ግን በየቀኑ ይንኳኳል። አባትየው በመዶሻ ይሞክራል፣ በመጥረቢያ ይሞክራል፤ በሩ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ትንሿ ልጅ ብቻዋን መጥታ በሩ ሥር ትቀመጣለች። ከውስጥ ያለችው ሴት የምታንኳኳው ልትወጣ ፈልጋ አይደለም። የእነሱን ኮቴ እየሰማች፣ እሷ ራሷ ፈርታ ነው። ልጅቷ ያ ሲገባት አፏን ወደ በሩ አስጠግታ "ሂን ሶዳቲን" ትላታለች፤ አትፍሪ። ከኦሮምኛ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል እሱ ነው።

"ከዚያ በሩ ራሱ ተከፈተ" አልኩት። "ውስጡ ብርሃን ነው፤ ማር የመሰለ ብርሃን። የልጅቷን ፀጉር ነፋስ ነካ አደረገው። ሴትዮዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሚልኬሳ፣ ያን ጊዜ እናቴን ከቀበርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ወደዚህ አገር ሰው ሳላውቅ ነው የመጣሁት፤ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተኛሁ። እስከ ዛሬ ሲጨንቀኝ ያን ብርሃን አስበዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ፤ በቪዲዮ ቤት አሳይቶኝ።"

ጭጋጉ እስከ ደጃፉ ደርሶ ቆሟል።

"የሴትዮዋ ፊት ምን ይመስል ነበር?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ጠይም። ረጋ ያለች። ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች።"

"ፈረንጅ? መስቀል ተነቅሳ?"

እግሬ መኪናው ላይ ቆመ።

"ዘርሁን፣ ያን ቀን እኮ መብራት ጠፍቶ ነበር" አለኝ። "ልጅቷ ገና ወደ በሩ ስትሄድ ድርግም አለ። ማጫወቻው ካሴቱን እንደ ነከሰ ቀረ። አዳራሹ ጩኸት በጩኸት ሆነ፤ ባለቤቱ ደግሞ ሰው ሁሉ ወጥቶ መግቢያዬን መልስ እንዳይለው በሩን በጀርባው ያዘና 'ሚልኬሳ፣ ጨርስላቸው!' አለኝ። እኔ መጨረሻውን አላውቀውም፤ ፊልሙን የዚያን ቀን ነው ያየሁት። ደግሞም ከልጅነቴ ጀምሮ ጨለማ አልችልም። ዝም ካልኩ የምወድቅ መሰለኝና ማውራት ጀመርኩ። እስከ ዛሬ መጨረሻው ምን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ሴትዮዋ ሁሉንም ትፈጃቸው ይሆናል።"

"ብርሃኑስ?"

"ብርሃን አለ ብያለሁ። ማር ይመስላል ያልኩ ግን አይመስለኝም። ስለ መስቀሉም አልተናገርኩም።"

መስቀል የተነቀሰችው እናቴ ናት። ይህን ያወቅሁት እዚያው፣ ጨርቁ በእጄ እንዳለ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ያየሁት የፈረንጅ ፊልም እየመሰለኝ የእናቴን ፊት ሳይ ኖሬያለሁ። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ግን ኀዘን አልነበረም።

"ታዲያ ያየሁት ምንድን ነው?" አልኩት።

"እኔ እንጃ፤ ያየኸው አንተ ነህ።"

"ያን ቀን ስልሳ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አንተ መናገር ስትጀምር አንድም ሰው ልውጣ አላለም" አልኩት። "ሁላችንም ያየነው አንተ ስላሳየኸን ነው።"

"'ሂን ሶዳቲን' ያልኩት ለማን ይመስልሃል?" አለኝ። "ለሴትዮዋ? ለእናንተ?" ደረቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ተነሳ። እንደ ሌላ ጊዜው ቤትህ ላድርስህ ስለው አልፈልግም አለኝ። ግድግዳውን እየነካ ሄደ፤ ጭጋጉ ውስጥ ሲገባ ግን ከሁላችንም ይልቅ መንገዱን የሚያውቅ እሱ ይመስል ነበር።

ለቀጠሮው ይምጣ አይምጣ አልነገረኝም። ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ መያዣው ጋ ቆምኩ። አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ። ሁለተኛውም ሞላ። ሦስተኛው ላይ ረዳቱ "ፋዘር፣ ትገባለህ አትገባም?" እያለ ሲጨቀጭቀኝ፣ ከጭጋጉ ውስጥ የወርቅቱ ነጭ ነጠላ ታየኝ፤ ከጎኗ ሚልኬሳ የክት ኮቱን ለብሷል። ኮቱን የሰፋሁለት ለልጁ ሠርግ ነው።

"ዛሬ ማን ሊያገባ ነው?" አልኩት።

"ዝም በል፣ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ። ሐሳቤን ሳልቀይር አስገባኝ።"

አዲስ አበባ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ረጅም ኮሪደር ላይ አስቀመጡን። ሰዉ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ ዓይኑ ላይ ፋሻ አለው። ሚልኬሳ የኮቱን ቁልፍ እየፈታ መልሶ ይቆልፋል። ከጎኑ ማሪቱ የሚባሉ እናት ተቀምጠዋል፤ ከሱሉልታ ነው የመጡት። ልጃቸውን እጇን ይዘው "ውሰጂኝ፣ ልጄ። ቤቴ ውሰጂኝ። እዚያው እንደ ፈጠረኝ ልሁን" ይሏታል። ልጅቷ ልታለቅስ ደርሳለች።

ሚልኬሳ ጥቂት ሰማቸው። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረ።

"እማማ፣ ፊልም ይወዳሉ?"

"ፊልም ደግሞ ምንድን ነው?"

"ተረት ነው፤ ፈረንጅ ያበላሸው። ልንገርዎት?"

"አስፈሪ ነው?"

"መጀመሪያው ያስፈራል።"

"እስቲ በል" አሉት፤ የልጃቸውን እጅ ሳይለቁ።

ድምፁን ከቪዲዮ ቤቱ ወዲህ እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም። "አንድ ቤት ነበረ" ሲል ኮሪደሩ ላይ ይጉረመረም የነበረው ሰው ዝም ዝም አለ። መዶሻውን አመጣ፣ መጥረቢያውን አመጣ፤ የአግዳሚውን እንጨት በጣቱ እያንኳኳ በሩን አንኳኳ። ፋሻ ያደረጉት ሰዎች አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዘነበሉ። እጁ የኮቱን ቁልፍ መቼ እንደተወ አላስተዋልኩም። የፊልሟ ትንሿ ልጅ ብቻዋን ወደ በሩ ሄደች፤ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ አፏን አስጠጋች።

"ሚልኬሳ ባይሳ!" ብላ ነርሷ ተጣራች።

ኮቱን አውልቆ ለወርቅቱ ሰጣትና ተነሳ።

"ወዴት ነው? መጨረሻውስ?" አሉ እማማ ማሪቱ፤ እጃቸው አየሩ ላይ ይፈልገዋል። "አንጠልጥለኸኝማ አትሄድም!"

"ዘርሁን ይነግርዎታል" አላቸው። "እሱ አይቶታል።"

ነርሷ ክንዱን ልትይዘው እጇን ስትዘረጋ፣ እሱ ቀድሞ በሩን ገፋው። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ወርቅቱ ኮቱን ደረቷ ላይ አቅፋ አማተበች።

እማማ ማሪቱ ወደ እኔ ተጠጉ። "እሺ፣ በሩ ተከፈተ?"

"ተከፈተ።"

"ሴትዮዋስ? ምን ትመስላለች?"

ዓይኔን ጨፈንኩና ነገርኳቸው።