ጤፍ ሲወቃ የተወለደች

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት በጌዶ ገበያ ላይ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ገበያው ወደ መንገዱ ዳር ከተዛወረበት ዓመት ነው። አንድ አዛውንት ገበሬ ዓመቱን ሳያመነቱ ነገሩኝ፤ የበኩር ልጃቸው የተወለደችው በዚያው ሳምንት ነበርና።

ጥናቱ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ድረስ በኛ ዓመት ላይ ሰባት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ ስምንት።

«ወሩስ አባቴ?» አልኳቸው።

«ጤፍ እየወቃን ነበር።»

ጤፍ ታኅሣሥም ይወቃል፣ ጥርም ይወቃል። ወደ ባለቤታቸው ዞሬ «ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ነው በኋላ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኛ ጴንጤ ነን፣ ገብርኤልን አንቆጥርም» አሉ። «ደግሞ አራስ ነበርኩ፤ ወር የምቆጥርበት ፋታ ነበረኝ እንዴ?»

ሁለቱንም ዓመት በእዝባር ለይቼ ጻፍኩ። አማካሪዬ በቀይ ሰርዞ «አንዱን ምረጥ» አለኝ። መረጥኩ። ስመረቅ አንድ ቅጂ ወሰድኩላቸው።

አምና ያቺን ልጃቸውን አምቦ መናኸሪያ አገኘኋት። ነርስ ናት። ለፓስፖርት ብላ የልደት ሰርተፊኬት ስታወጣ የፈረንጁን ዓመት ያስሞላችው ከኔ ጽሑፍ ገልብጣ መሆኑን ነገረችኝ።

«አባዬና እማዬ በወሩ እስካሁን ይጨቃጨቃሉ» አለች እየሳቀች። «እኔ ግን ያጠናውን ሰው አመንኩ።»

ያጠናው ሰው ያንን ዓመት የመረጠው የምዕራፉ ርዕስ ላይ በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ስላማረው እንደሆነ አልነገርኳትም።