ሳህሊቱ የመለሰችው ምስክርነት

በዚያ ሳምንት ሳህሊቱ ዳጣው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨመረች። ሶዶ ውስጥ ሥጋ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የእሷን ዳጣ ያውቃል፤ ቃሪያውን ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር በድንጋይ ፈጭታ በማለዳ ታዳርሳለች። ሐሙስ ዕለት ግን ባለ ሥጋ ቤቱ ቢኒ በጣቱ ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ።

«የሃይሚ እናት፣ ጨው ዛሬ በነጻ ነው እንዴ የሚታደለው?»

በአፏ ሳቀችለት። ዓይኗ ግን መንገዱ ላይ ነበር። ከልጇ ከሃይሚ ርቃ መቆየት አልሆነላትም።

ሃይሚ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ኪኒን ጠዋትና ማታ ስትወስድ ብዙም አትወድቅም። ክረምት ላይ በቤተ ክርስቲያናቸው የጾም ጸሎት ሲደረግ እጅ ጫኑባት፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ሳትወድቅ ቆየች። ሳህሊቱ ደስታው አላስቀምጥ ቢላት ባለፈው እሁድ ተነሥታ «ምስክርነት አለኝ» አለችና መድረክ ወጣች። «ልጄ ድናለች!» ስትል ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ልቧን ሞቅ አደረገውና፣ «ኪኒኑንም ጥያለሁ!» ብላ ጨመረችበት።

አልጣለችም ነበር። በዚያው ጠዋት ሰጥታት ነው የመጣችው። ቤቷ ስትገባ ግን በጌታ ፊት የተናገረችው ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ፈራች። ቃሏን እውነት ለማድረግ ስትል ከዚያ ማታ ጀምሮ ኪኒኑን አቋረጠች።

ረቡዕ ሃይሚ ቦኖው አጠገብ ወደቀች። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጄሪካናቸውን ጥለው ሸሹ። የሳህሊቱ ባል ግንበኛው ኤርካሎ ከሥራ ሲመለስ ደርሶ አቅፎ አስገባት። ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነርሷ ሳህሊቱን ክፉኛ ተቆጣቻት፤ ኪኒኑም እንደገና ተጀመረ። ሳህሊቱ ግን በር ዘግታ፣ መስኮት ጋርዳ ነበር የምትሰጣት፤ የሰው ዕቃ እንደሰረቀ ሰው።

ዓርብ ክብረት መጣች። የእናቶች ጸሎት መሪ ናት። ኤርካሎ ከመሰላል ወድቆ የተኛ ጊዜ በየቀኑ አጥሚት ይዛ የመጣች፣ ደግ ሴት ናት።

«እህት ሳህሊቱ፣ ደስ ይበልሽ! ነገ ጉኑኖ ከተማ ጉባኤ አለ፤ እዚያ ትመሰክሪያለሽ። የታመመ ልጅ ያላቸው እናቶች ሁሉ ተጠርተዋል። ሃይሚንም ይዘሻት ነይ፣ ይዩአት።»

«ክብረትዬ፣ ልጅቷ እኮ ወደቀች።»

ክብረት ዘወር ብላ በሩን አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዝም በይ! በአፍሽ አትናገሪው። ጠላት የተቀበልሽውን ሊነጥቅሽ ነው። አጥብቀሽ ያዥ እንጂ!»

እሷ ከሄደች በኋላ ኤርካሎ ሲሚንቶ የያዘውን እጁን እየታጠበ፣ «ምን ያንገበግብሻል? አሞኛል በይና ቅሪ» አላት።

«ሌላ ውሸት ልጨምርበት?»

«እንግዲያስ ሂጂና የሆነውን ተናገሪ።»

«ተናግሬ እምነቷን ጣለች ሊሉኝ?»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! መሄዱም አይሆንልሽ፣ መቅረቱም አይሆንልሽ።»

እውነቱን ነው፤ አልሆነላትም። ጓሮ ወርዳ በእንሰቱ መካከል ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ሌላ ጊዜ ተንበርክካ ነው የምትጸልየው፤ ዛሬ እየተመላለሰች ጸለየች። «ታ ጎዳው» አለች በወላይትኛ፣ ጌታዬ ሆይ። «ድና ከሆነ ለምን ወደቀች? ካልዳነችስ አንተን ልተውህ ነው? ወድቃለች ስል አንተን መካዴ ነው?» የጎረቤት ውሻ ይጮሃል።

ቅዳሜ ከሃይሚ ጋር ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የልጅቷን እጅ ጨብጣ፣ ጣቷ ትንሽ ሲንቀሳቀስ እየደነገጠች ሄደች።

«እማዬ፣ አሳመምሽኝ» አለቻት ሃይሚ።

ጉኑኖ ድንኳኑ ሞልቷል። ከፊት ወንበር ስትቀመጥ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት እየተሹለከለከች መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። ስሟ ሩታ እንደሆነ ተናገረች።

«የሶዶዋ አንቺ ነሽ አሉ። የኔም ልጅ ይጥለዋል። የአንቺን ምስክርነት ነገሩኝና ይኸው ኪኒኑን ትቼ መጣሁ።»

«መቼ ነው የተውሽው?»

«ከትናንት ወዲያ። እምነት ካልሆነ ጸሎቱ አይሠራም አሉኝ።»

ሳህሊቱ ሕፃኑን አየችው። የእናቱን ነጠላ ጫፍ እየጠባ አፍጥጦ ያያታል። ሌላ ነገር ሳትናገር ስሟ ተጠራ።

ወንጌላዊው ማይኩን ሰጣትና፣ «እህታችን፣ ጌታ ምን አደረገልሽ?» አላት።

ሶዶ በአማርኛ ነበር የመሰከረችው። እዚህ በአፍ መፍቻዋ ጀመረች።

«ልጄ ረቡዕ ወድቃለች።»

ክብረት ከፊት ሆና ተይ በሚል ራሷን ትነቀንቃለች።

«ኪኒኑን ጥያለሁ ያልኩ ቀን አልጣልኩም ነበር። ዋሽቻለሁ። በኋላ ቃሌን እውነት ላድርግ ብዬ ከለከልኳት፤ ያን ጊዜ ወደቀች። አሁን እሰጣታለሁ፤ እጸልያለሁም። ብትድንም ባትድንም ጌታን አልተውም። በእኔ አፍ ሰምታችሁ ኪኒን ያቆማችሁ እናቶች ግን፣ እለምናችኋለሁ፣ ለልጆቻችሁ ስጡ።»

እልልታ የለም። ከኋላ አንድ ሰው «ይቺ እምነት የላትም!» ሲል ተሰማ። ወንጌላዊው ማይኩን ተቀበላትና «እንጸልይ» አለ።

ስትወርድ ክብረት ፊቷን አዞረችባት። «አሳፈርሽኝ» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ነግሬሽ ነበር እኮ፣ ክብረትዬ።»

ክብረት ትታት ሄደች። ሩታ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም፤ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋዋለች።

«አሁን ቤት ገብቼ ልስጠው?»

«መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ማቋረጥሽን ንገሪያቸው፤ እነሱ ይንገሩሽ።»

«ይቆጡኛል።»

«ይቆጡ፤ እኔንም ተቆጥተውኛል። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«ጸሎቱ ሳያልቅ?»

ሳህሊቱ ወደ መድረኩ ተመለከተች። ሕዝቡ ዓይኑን ጨፍኗል። ከእንግዲህ እዚህ እንዴት እንደሚያዩዋት አላወቀችም፤ የሶዶውም እሁድ ከወዲሁ አስፈራት። ሃይሚን በአንድ እጇ፣ የሩታን የልጅ ማዘያ በሌላው ይዛ ተነሣች።

«እየሄድን እንጸልያለን» አለቻት።