የሲሊንደር ዝርግ

የወረቀት ድምፅ አስደንግጧችሁ ያውቃል? ሲሊንደር ሲዘረጋ አንድ አራት ማዕዘንና ሁለት ክብ ነው። ትናንት ሞላሌ ከተማ፣ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ይህን ለተማሪዎቼ ላሳይ አራት ማዕዘኑን ካርቶን ስጠቀልለው ተንኮሻኮሸ፤ ድምፁ ወደ ስድስት ዓመቴ መለሰኝ።

አያቴ ለቀብራቸው ያስገዙት አዲስ ሰሌን ግቢያችን ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ጫፉን ይዤ ስንከባለል እየተንኮሻኮሸ ተጠቀለለብኝ። ውስጡ ደረቅ ቅጠል ቅጠል ይሸታል።

እናቴ «ውጪ አንቺ! የአባባ ነው!» ብላ ጮኸች።

አያቴ ደጃፍ ተቀምጠው ሳቁ። «ተያት፣ ትለካልኝ።»

«ይሰፋል አባባ!» አልኳቸው ከውስጥ።

በሳምንቱ በዚያው ሰሌን ተጠቅልለው ወጡ። የለካሁት እኔ ነኝና የገደልኳቸው መሰለኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ትናንትም ሁለቱን ክቦች መለጠፍ አቃተኝ። እስኪ እናንተም ወረቀት ጠቅልሉ፤ ጫፎቹን ከመድፈናችሁ በፊት ግን ጆሯችሁን አስጠጉበት።